የመጀመሪያው ገጽ ብቻ

አቶ ታባታ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና በሁለት ጣታቸው ወደ ኪኑዮ ገፉት። «የኬሚካሉን የደህንነት መግለጫ ሙሉውን ተረክቤያለሁ» ይላል። ከግርጌው በፊርማ ፈንታ የሚመታው ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ በቀጭን ክብ ተከብቧል፤ ከአናቱ ቀን ተጽፏል። ቀኑ ግን የዛሬው አይደለም። ከሰባት ዓመት በፊት፣ በሚያዝያ ወር ያለፈ አንድ ማክሰኞ ነው።

«ላንቺ ከሆነ የቶኩዞ ሚስት ሳታኤ ማኅተሟን ታሳርፋለች» አሉ። «እኔ ብሄድ በሩንም አትከፍትልኝ።»

ኪኑዮ ወረቀቱን አላነሳችውም። በመስኮቱ ወደ ውጪ ተመለከተች። ሌሊቱን የጣለው በረዶ የማከፋፈያውን ግቢ ከዳር እስከ ዳር አልብሶታል። መንገዱ ላይ ብቻ፣ መሐል ለመሐል የተቀበሩት መርጫዎች የከርሰ ምድር ውሃ እየረጩ ያቀልጡታል። ውሃው ለዓመታት ስለፈሰሰበት አስፋልቱ የዛገ ብረት መስሏል።

«ምን ብዬ ልንገራት?»

«ምንም አትንገሪያት። የደንበኞች ፋይል እያስተካከልን ነው በያት። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎቹ ዓርብ ይመጣሉ፤ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። ወረቀቱን ሰጥታችኋል ወይ ይላሉ። ሰጥተናል። አልሰጠንም እንዴ?»

«ሰጥተናል» አለች ኪኑዮ። «የመጀመሪያውን ገጽ።»

አቶ ታባታ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ይህችን ትንሽ ማከፋፈያ የተረከቡት ከአባታቸው ነው፤ በወጣትነታቸው በርሜል ሲያገላብጡ የተጎዳው ወገባቸው እስከ ዛሬ ቀጥ ብሎ አያውቅም። ክፉ ሰው አይደሉም። አብራቸው በሠራችባቸው ሠላሳ አንድ ዓመታት ሲዋሹ የሰማቻቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የዋሹት ለታማሚዋ ሚስታቸው ነበር።

«እኛ ቧንቧ ነን፣ ኪኑዮ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከላይ እንቀበላለን፣ ወደ ታች እናፈሳለን። ቧንቧን ማን ይከሰዋል?»

ፈሳሹ ሳይጓደል ማለፉን፣ ማስጠንቀቂያው ግን ኪኑዮ መሳቢያ ውስጥ መቅረቱን ሁለቱም ያውቃሉ።

ማከፋፈያው ሥራው ቀላል ነው። ፋብሪካው በትልልቅ ሰማያዊ በርሜሎች የሚልከውን ማጠቢያ ወደ አራት ማዕዘን ቆርቆሮዎች ይገለብጡና በሸለቆው ውስጥ ለተበተኑት ሃያ ሦስት የመነጽር ፍሬም ሠሪዎች ያከፋፍላሉ። ፍሬሙ ተወልውሎ ሲያበቃ የሚጣበቅበትን ቅባትና ብናኝ የሚያስለቅቀው ይኸው ፈሳሽ ነው። ረጅም ስም አለው፤ ግን በስሙ የሚጠራው የለም። እንደ ውሃ የጠራ ሆኖ ሳለ ከበርሜሉ ቀለም የተነሣ ሁሉም «ሰማያዊው» ይለዋል። የፋብሪካው ማስጠንቀቂያ ከባዶው በርሜል ጋር መጋዘን ይቀራል። ቆርቆሮው ላይ የሚለጠፈው የማከፋፈያው ስምና ስልክ ቁጥር ብቻ ነው።

ከሰባት ዓመት በፊት፣ ያን ማክሰኞ፣ ፋብሪካው መግለጫውን አሻሽሎ ላከ። ዘጠኝ ገጽ ነበር። ኪኑዮ በፋክስ ለደንበኞቹ ማስተላለፍ ጀመረች። ሦስቱ ሙሉውን ተቀበሉ። አራተኛው ቶኩዞ ነበር፤ የመጀመሪያው ገጽ እንደወጣለት ማሽኑን አቋርጦ ደወለላት።

«እትዬ ኪኑዮ! ምነው፣ ልብወለድ መጻፍ ጀመርሽ እንዴ?» ሳቁ ከድምፁ ቀድሞ የሚመጣ ሰው ነበር። «ቀለሜን ልትጨርሺው እኮ ነው! ትዕዛዝ የሚመጣልኝ በዚሁ ማሽን ነው። በይ ሽፋኑ ይበቃኛል፤ ታሪኩን ስንገናኝ ትነግሪኛለሽ።»

እሷም ሳቀች። ሳቋ ሳያበቃ የቀሩትን ገጾች ከማሽኑ ላይ አነሳቻቸው። ሁለተኛው ላይ፣ በቀይ መስመር በታጠረ ማዕዘን ውስጥ፣ ጥቁር የሰው ትከሻና ደረት ተስሏል። ደረቱ ላይ ኮከብ የመሰለ ነገር ፈንድቶበታል። ለአፍታ አየችው። አበባ የሰካ ሙሽራ መሰላት። ከዚያ ስምንቱን ገጾች መሳቢያዋ ውስጥ አስገባችና ለተቀሩት አሥራ ዘጠኝ ደንበኞች የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ላከች። ሰው እንዳይሠጋ ብላ በእያንዳንዱ ላይ በእጇ አንድ መስመር ጨመረችበት፤ ለቶኩዞም እንደገና ላከችለት። «የተለየ ነገር የለም። ስለ ደንበኝነትዎ እናመሰግናለን።»

ቶኩዞ ባለፈው ጥቅምት በሐሞት ቱቦ ካንሰር ሞተ፤ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ሐኪሞቹ ከዚያው ሸለቆ፣ ያንኑ ሥራ የሚሠራ፣ ያንኑ እምብዛም የማይታይ በሽታ የታመመ ሌላ ሰው አገኙ። ተቆጣጣሪዎቹም መጠየቅ ጀመሩ።

ኪኑዮን ግን ከተቆጣጣሪዎቹ ይልቅ ሌላ ነገር ነበር እንቅልፍ የነሳት። ቶኩዞ ሆስፒታል ሳለ፣ በሐምሌ ሁለት ጊዜ፣ በነሐሴ አንድ ጊዜ፣ ከእሱ ቤት ፋክስ ደርሷት ነበር። ከአናቱ የቶኩዞ ስልክ ቁጥር አለ፤ ከዚያ በታች እስከ ግርጌው ነጭ ነው። ማሽን ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ሦስቱንም ጣለቻቸው። አራተኛው የመጣው በኅዳር መጨረሻ፣ ሰውየው ከተቀበረ በኋላ ነው። ከቀትር በኋላ፣ ቢሮው ውስጥ ብቻዋን ሳለች፣ ማሽኑ ራሱን ነቅንቆ ተነሣና ያን ነጭ ወረቀት ቀስ እያለ ተፋው። ቀለሜን ልትጨርሺው ነው ያላት ሰው ወረቀት እየላከላት መሰላት። የቀረውን እዚህ ላይ ጻፊልኝ የሚላት መሰላት። ያንን አልጣለችውም። ከስምንቱ ገጾች ላይ ደርባ መሳቢያውን ቆለፈች። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ከድምፁ በፊት ሳቅ ትሰማለች።

አሁን አቶ ታባታ ኮታቸውን ደርበው ወደ መጋዘኑ ሲወጡ ወረቀቱን አነሳች። ከደንበኞች ፋይል የመጀመሪያውን ገጽ መዘዘች፤ ከዚያም መሳቢያዋን ከፍታ ስምንቱን ገጾች ጨመረችበት።

ወደ ሸለቆው የሚወስደው መንገድ ሃያ ደቂቃ ነው፤ በበረዶው አርባ ደቂቃ ፈጀባት። በመንገዷ ላይ በብርድ ወራት የሚበላውን የቀይ ባቄላ ጣፋጭ አንድ ካርቶን ገዛች። ካርቶኑ ከጎኗ ወንበር ላይ፣ ዘጠኙ ገጾች ካርቶኑ ላይ፣ የማኅተሙ ወረቀት ደግሞ ከሁሉ በላይ ተቀምጠዋል። መኪናዋ በነጠረች ቁጥር ያንን የላይኛውን በእጇ ትይዘዋለች። በየቤቱ ጣሪያ በረዶ የሚያራግፉ ጎንበስ ያሉ ወንዶች አየች። አንዱ ቀና ብሎ እጁን ሲያወዛውዝላት ፍሬን ያዘች፤ ቶኩዞ አልነበረም፤ የማታውቀው ሰው ነው።

ሳታኤ በሩን የከፈተችው ኪኑዮ ሳታንኳኳ ነው። የቶኩዞ ሚስት ቀጭን፣ እርምጃዋ የማይሰማ ሴት ናት። ከቀብሩ በኋላ ይበልጥ ቀጥናለች።

«መኪናሽን ሰማሁት» አለች። «ግቢ። እግርሽ ረጥቧል።»

ቤቱ ከላይ ነው፤ ከታች መሥሪያው አለ። ኪኑዮ ጫማዋን አውልቃ ስትገባ ከወለሉ ሥር የውሃ ድምፅና የብረት ቅርጫት መንቀጫቀጭ ሰማች። ያ ጣፋጭ፣ የበሰለ ፍሬ የሚመስል ሽታ በደረጃው ሽቅብ መጣ።

«ማን ነው ታች ያለው?»

«ማዮ ናት። አባቷ ከተኛ ጊዜ ጀምሮ ናጎያ ከተማ ያለውን ሥራዋን ትታ መጣች። ትዕዛዙ አይቆምማ።»

ኪኑዮ ወደ ጥቁሩ የሙታን መታሰቢያ ቁም ሣጥን ቀርባ ተንበረከከች። ትንሿን ደወል አንዴ መታችና እጆቿን አጋጠመች። ፎቶግራፉ ላይ ቶኩዞ ከትከሻው እስከ ደረቱ ይታያል፤ አፉን ከፍቶ ሊስቅ ያለ ይመስላል። ልታናግረው አስባ ነበር። ደረቱ ላይ ዐይኗ ሲያርፍ ግን ያ ጥቁር ሥዕል መጣባትና ፊቷን አዞረች።

ሳታኤ አረንጓዴ ሻይ ቀዳች። የጣፋጩ ካርቶን ሳይከፈት መሐላቸው ተቀመጠ። ኪኑዮ የማኅተሙን ወረቀት አወጣች፤ ምንም ከማለቷ በፊት ሳታኤ ተነሥታ ማኅተሟን ከመሳቢያ አመጣችና ቀዩን ቀለም ከፈተች።

«የት ላይ ነው?»

ክቡን በጣቷ ፈለገችው። ማኅተሙን ቀለሙ ላይ ሁለቴ ጫን ጫን አደረገችና አነሳችው። ኪኑዮ ቀለም የነካውን የማኅተሙን ፊት አየች። ወረቀቱ ላይ ሊያርፍ አንድ ትንፋሽ ያህል ቀርቶታል። ዝም ብትል ያበቃል፤ ቶኩዞም ወረቀት መላኩን ይተዋል።

«ሳታኤ፣ ቆይ» አለች። «መጀመሪያ ቀኑን አንብቢው።»

ሳታኤ መነጽሯን አደረገችና አነበበች። ደግማ አነበበች። ማኅተሙን ቀስ ብላ በጎኑ አስተኛችው።

«ያን ጊዜ ምን ተቀብያለሁ?»

«ምንም አልተቀበላችሁም። ይኼን ነው መቀበል የነበረባችሁ።» ዘጠኙን ገጾች ከካርቶኑ ጎን አኖረቻቸው። ጠርዛቸው ቢጫ ሆኗል። «ሽፋኑን ብቻ ነው የላክሁላችሁ። የቀረው እኔ ጋ ነበር።»

ሳታኤ ገጾቹን አልነካቻቸውም። ከታች ቅርጫቱ ይንቀጫቀጫል።

«ታዲያ ለምን አልመለስሽልኝም?» አለች በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ሐኪሙ ባልሽ የሚሠራበት ፈሳሽ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ከአከፋፋዩ በጽሑፍ አምጪ አለኝ። ጻፍሁልሽ። ሦስት ጊዜ ላክሁልሽ። ሦስተኛውን ስልክልሽ የሰው ሕይወት ነው ብዬሽ ነበር እኮ። አልመለስሽልኝም። አለመመለስሽን መልስ አድርጌ ወሰድሁት።»

ኪኑዮ ኩባያዋን አስቀመጠች። «የደረሰኝ ባዶ ወረቀት ነው።»

«ባዶ?»

«አራት ባዶ ወረቀት። ሦስቱን ጣልኋቸው።»

ሳታኤ ተነሥታ ሄደች። ከቁም ሣጥኑ ሥር አራት ወረቀቶች ይዛ ተመለሰች፤ በጥቁር ብዕር፣ ፊደሎቹ እኩል ተደርድረው፣ በጥንቃቄ የተጻፉ ናቸው። ሦስቱ የሐኪሙ ጥያቄ ናቸው። አራተኛው የአርባ ዘጠነኛው ቀን መታሰቢያ ጥሪ ነበር። «ቶኩዞ ካንቺ ጋር መሳቅ ይወድ ነበርና ከእኛ ጋር ብትበዪ» ይላል።

«እንዴት አድርገሽ ነው ማሽኑ ውስጥ የምታስገቢው?» አለች ኪኑዮ።

«እንዲህ።» ሳታኤ ወረቀቱን ጽሑፉን ወደ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አንሸራተተችው።

«ማሽኑ በሆዱ በኩል ነው የሚያነበው። መገልበጥ ነበረበት።»

ሳታኤ ወረቀቱን ገለበጠችው። ነጩን ጀርባ አየችው። ከዚያ ሳቅ አመለጣት፤ አጭር፣ የሚያስፈራ ሳቅ ነበር፤ አፏን በእጇ ያዘችው። «እሱ ነበር የሚልከው» አለች ከእጇ ሥር። «እኔ አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቀን አላሳየኝም።»

ደረጃው ተንቋቋ። ማዮ ብቅ አለች፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ እስከ ክርኗ የደረሰው የላስቲክ ጓንቷ ይንጠባጠባል። ሽታው አብሯት ገባ።

«እትዬ ኪኑዮ፣ እንደምን አሉ? ምን ሆናችኋል? እማዬ?»

«ጓንቱን አውልቂና ቁጭ በይ» አለች እናቷ። «ታነብልናለች።»

ኪኑዮ አነበበች። የመጀመሪያውን ገጽ አልፋ ከሁለተኛው ጀመረች። ስለ ሥዕሉ፣ በተዘጋ ክፍል ስለሚከማቸው እንፋሎት፣ ከዓመታት በኋላ ስለሚጎዳው ጉበትና የሐሞት ቱቦ፣ ስለ አየር መሳቢያ ማራገቢያ፣ ስለ መተንፈሻ ጭምብል። ከበዱ ያለቻቸውን ቃላት በቀላል ቃል እየተካች ትቀጥላለች።

«ይኼንን ሰባት ዓመት ያውቁት ነበር?» አለች ማዮ።

«ሥዕሉን አይቼዋለሁ። ሌላውን አላነበብሁትም። ፈርቼ ነው አልልሽም። ሥራ በዝቶብኝ ነበር።»

ማዮ ባዶ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አየቻቸው። በሙቅ ውሃ የኖሩ ይመስል ጣቶቿ ነጥተዋል።

«እኔ ከመስከረም ጀምሮ ነው የማጥበው። አምስት ወር ብዙ ነው? ይላል?»

ኪኑዮ ገጾቹን መለስ ብላ አገላበጠች። አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን፣ ጥቃቅን ቁጥሮች የሞሉበትን ሰንጠረዥ በጣቷ ወረደችው። ሁለቱ ሴቶች ጣቷን ይከተላሉ።

«አይልም» አለች።

ሳታኤ ብድግ ብላ ደረጃውን ወረደች። ኪኑዮና ማዮ ተከተሏት። መሥሪያው ጠባብ ነው፤ ሙቀቱ እንዳይወጣ መስኮቶቹ በላስቲክና በፕላስተር ታሽገዋል፤ ማራገቢያው የብርድ መግቢያ ሆኖ ስላስቸገረ በካርቶን ተደፍኗል። ከማጠቢያው ገንዳ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በስፒል የተሰካ አንድ ወረቀት አለ። ቀለሙ ለቋል፤ «የተለየ ነገር የለም» የሚለው የኪኑዮ እጅ ጽሑፍ ግን አሁንም ይነበባል። ሳታኤ ወረቀቱን አልነካችውም። ከሥሩ አልፋ የመስኮቱን ፕላስተር በጥፍሯ ፈልቅቃ ያዘችና ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች ቀደደችው። ብርዱ ዘሎ ገባ። ማዮ የገንዳውን ማብሪያ አጠፋች፤ ከዚያም የብረት ክዳኑን እየጎተተች አለበሰችው።

«ይቅርታ መጠየቅ እንኳ...» ብላ ጀመረች ኪኑዮ።

«አትጠይቂኝ» አለች ሳታኤ ሳትዞር። «ዛሬ አይሆንልኝም። ነገም እንጃ።»

ወደ ላይ ተመለሱ። ኪኑዮ የማኅተሙን ወረቀት ወደ ራሷ ስባ ሰባት ዓመት ያለፈውን ቀን በአንድ መስመር ሰረዘችው። ከአጠገቡ የዛሬውን ጻፈች፤ ከሥሩም የራሷን ስም። ይህ ወረቀት ዓርብ ዕለት ማከፋፈያውን ምን እንደሚያደርገው፣ እሷንም ምን እንደሚያደርጋት ታውቃለች። የጎበጠው የአቶ ታባታ ወገብ በዐይኗ ላይ ሄደባት። ሳታኤ ማኅተሟን አንስታ፣ እንደገና ቀለም አስነክታ፣ ክቡ መሐል ላይ ቀጥ አድርጋ አሳረፈችው፤ እስኪይዝ ድረስም በመዳፏ ጫን ብላ ቆየች።

«ለማሩኦካዎችስ?» አለች። ማሩኦካዎች ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሌሎቹ ፍሬም ሠሪዎች ናቸው። «ለነሱም ሽፋኑን ነው የላክሽው?»

«ለሃያ ቤት።»

ሳታኤ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን አምስት ጉዳይ ነው፤ የእኩለ ቀን ምሳ።

«እየበሉ ነው። ሲጨርሱ ወደ ገንዳው ይመለሳሉ።» የበረዶ ቦቲዋን ማጥለቅ ጀመረች።

«አንቺ እንኳ ቤትሽ ሁኚ፣ እኔ ብቻዬን...»

«ብቻሽን ብትሄጂ የተለየ ነገር የለም ትያቸዋለሽ።»

ኪኑዮ ገጾቹን ደረቷ ላይ አቅፋ ከኋላዋ ወጣች። መንገዱን ሲያቋርጡ መርጫው ቁርጭምጭሚታቸውን አራሰው። ከማሩኦካዎች ቤት የራዲዮ ድምፅና የሰው ሳቅ ይሰማል። ኪኑዮ ከበሩ ፊት ስትደርስ ቆመች። ሳታኤ ዞር ብላ አየቻትና በሩን ራሷ ከፈተችው።

አራት ሰዎች በጋዝ ምድጃ ዙሪያ ምሳ ዕቃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው የማጠቢያው ገንዳ ክዳኑን ከፍቶ ይተናል። ወፍራሙ አቶ ማሩኦካ ሩዝ አፋቸው ውስጥ ይዘው ቀና አሉ።

«ኧረ እትዬ ኪኑዮ! በዚህ በረዶ? ሳታኤም! ግቡ ግቡ፣ ለእሳቱ ቀረብ በሉ። በሩን ዝጉት እንጂ! በብርድ ገደላችሁን እኮ!»

ሰዎቹ ሳቁ። አንደኛዋ ሴት ለእንግዶቹ ቦታ ልትለቅ ወንበሯን ጎተተች።

«በሩን!» አሉ አቶ ማሩኦካ ደግመው።

ሳታኤ ጀርባዋን ለተከፈተው በር ሰጥታ ቆመች። ኪኑዮ ሁለተኛውን ገጽ አወጣች።